መስኮቱ ለምን አልተከፈተም? ስለ ፓይተን የመስኮት ላይብረሪዎች ስሪት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፓይተን ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው መስኮቱን፣ ቁልፉንና የጽሑፍ ሳጥኑን ራሱ አይሥልም። ይህን የሚሠሩለት ቲኬ፣ ኪውቲ እና ጂቲኬ የሚባሉ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ተዘጋጅተው የተቀመጡ የኮድ ስብስቦች፣ አሉ። ሦስቱም በፓይተን የተጻፉ አይደሉም፤ ቲኬ እና ጂቲኬ በሲ፣ ኪውቲ ደግሞ በሲ ፕላስ ፕላስ የተሠሩ ናቸው። ፓይተን የሚያነጋግራቸው በመካከል በተዘረጋ ድልድይ ነው። የቲኬ ድልድይ ቲኪንተር፣ የኪውቲ ፓይሳይድ ወይም ፓይኪውቲ፣ የጂቲኬ ደግሞ ፓይጂኦብጀክት ይባላል። እንግዲህ አንዲት መስኮት እንድትከፈት ስርዓተ ክወናው፣ ፓይተኑ፣ ድልድዩና ላይብረሪው አራቱም መግባባት አለባቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን የየራሳቸው ስሪት አላቸው፣ በየራሳቸውም ጊዜ ይለወጣሉ። የጀማሪዎችን ሌሊት የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህ የአራቱ ጠብ ነው። ጠቡን የሚያባብሱት ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፉ የኖሩ የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

«አዲሱን ስሪት ከጫንኩ ችግር የለም»

ከሁሉም ጎጂው ይህ ነው፤ እኔም ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ለአንድ መድኃኒት መደብር የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። በእኔ ኮምፒውተር ላይ በወቅቱ አዲስ የነበረው ፓይተንና ፓይሳይድ 6 ተጭነው ስለነበር ፕሮግራሙ አንዳች እንከን አልታየበትም። መደብሩ ሄጄ ስጭነው ግን መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት ስሙ «ኤፒአይ ኤምኤስ ዊን ኮር ፓዝ» ብሎ የሚጀምር ፋይል በኮምፒውተሩ ላይ የለም የሚል መልእክት ብቅ አለ። የመደብሩ ባለቤት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው መልእክቱን አዩና «ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ሲሠራ በዓይኔ አይቼው የለም እንዴ?» አሉኝ። «አዎ እትዬ፣ ያዩት ግን በእኔ ኮምፒውተር ላይ ነበር» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

የመደብሩ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነበር። በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው። በ2020 የወጣው 3.9 ቢያንስ ዊንዶውስ 8.1ን ይፈልጋል፤ 3.13 ላይ ሲደርስ መነሻው ዊንዶውስ 10 ሆኗል። ኪውቲ 6ም በዚያው በ2020 መጨረሻ ሲወጣ ከዊንዶውስ 10 በታች ያለውን ሁሉ ትቷል። በሌላ አነጋገር እኔ የመረጥኳቸው ሁለቱም ስሪቶች በዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩበት መንገድ ጨርሶ አልነበረም።

ጠፋ የተባለውን ፋይል ከማይታወቅ ድረ ገጽ አውርዶ ማስገባት ለብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣ ሐሳብ ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ፋይሉ ከዊንዶውስ 7 በኋላ የመጡት ስርዓቶች የውስጥ አካል ነው፤ አሮጌው ላይ ሲለጠፍ የጎደለውን አይሞላም፣ አብሮት ምን እንደሚገባም አይታወቅም።

መፍትሔው ወደ ኋላ መመለስ ነበር፦ ፓይተን 3.8.10 ከፓይሳይድ 2 ስሪት 5.15.2 ጋር። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልብ በሉ። የ3.8 ተከታታይ እስከ 3.8.20 ድረስ ቢቀጥልም ለዊንዶውስ የተዘጋጀ መጫኛ የወጣለት የመጨረሻው 3.8.10 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት በምንጭ ኮድ ብቻ የተለቀቁ የደኅንነት ጥገናዎች ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ከፍተኛውን ቁጥር ሲፈልግ ቀኑን ሙሉ ይውላል።

ስሪት የሚመረጠው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ከሚጠቀሙት ሰዎች ኮምፒውተር ሁሉ አሮጌው የትኛው እንደሆነ ይጠየቃል። እሱ የሚፈቅደው ፓይተን ይለያል። ያ ፓይተን የሚፈቅደው ድልድይ ይከተላል። ላይብረሪው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አሮጌውን መምረጥ ግን ዕዳም አለው፤ የዊንዶውስ 7 የደኅንነት ድጋፍ በጃንዋሪ 2020፣ የፓይተን 3.8 ደግሞ በኦክቶበር 2024 አብቅቷል። ስለዚህ ያ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት እንዲርቅና የሚቀየርበት ጊዜ እንዲታሰብ ለመደብሩ ባለቤት መንገርም የሥራው አካል ነበር።

«በስሙ ላይ ያለው ቁጥር የላይብረሪው ስሪት ነው»

ፓይሳይድ 2 የኪውቲ 2 ድልድይ አይደለም፤ የኪውቲ 5 ነው። በ2009 የተጀመረው የመጀመሪያው ፓይሳይድ ለኪውቲ 4 የተሠራ ነበር። ኪውቲ 5 ሲመጣ ሁለተኛው ድልድይ ስለሆነ 2 ተባለ። ኪውቲ 6 ላይ ሲደረስ ቁጥሩ ከላይብረሪው ጋር እንዲገጥም ተወሰነና በአንድ ጊዜ ወደ 6 ተዘለለ፤ መካከል ላይ ፓይሳይድ 3፣ 4 እና 5 የሚባሉ ስሪቶች አልወጡም። ፓይኪውቲ ግን ቁጥሩን ከኪውቲ ጋር አስማምቶ ይሄዳል። ፓይጂኦብጀክት ደግሞ ሌላ ዓይነት ግራ መጋባት ይፈጥራል፤ የራሱ ስሪት በ3 ይጀምራል፣ ሆኖም ጂቲኬ 4ንም ያገለግላል። የትኛውን ጂቲኬ እንደምንፈልግ በኮዱ ውስጥ ላይብረሪውን ከማስገባታችን በፊት መናገር ያለብን ለዚህ ነው። ካልተናገርን በኮምፒውተሩ ላይ ያገኘውን ያነሣል፤ ጂቲኬ 3 እና 4 ደግሞ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አብረው መኖር አይችሉም።

የዚህ ግራ መጋባት ውጤት በግልጽ የሚታየው ፓይተን 3.11 ያለው ሰው ፓይሳይድ 2ን ፒፕ በሚባለው የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ ሲጭን ነው። ፒፕ የሚስማማ ስርጭት አላገኘሁም ብሎ ይመልሳል። ሰውየው ስሙን የተሳሳተ ይመስለዋል፣ ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ያበራል፣ ፒፕን ያድሳል። እውነታው ግን ፓይሳይድ 2 የተዘጋጀው እስከ ፓይተን 3.10 ላሉት ብቻ መሆኑ ነው። ወይ ፓይተኑ ወደ 3.10 ይወርዳል፣ ወይ ድልድዩ ወደ 6 ይወጣል።

በነገራችን ላይ ፓይኪውቲና ፓይሳይድ አንድ ዓይነት ናቸው የሚለውም ትክክል አይደለም። ኮዳቸው ይቀራረባል፤ ፈቃዳቸው ግን ይለያያል። ፓይኪውቲ የሚሰጠው ጂፒኤል በሚባለው ኮድን መግለጥ በሚያስገድድ ክፍት ፈቃድ ወይም በክፍያ ነው። ኮዱን ሳይገልጥ ፕሮግራም መሸጥ የሚፈልግ ሰው ይከፍላል ማለት ነው። ፓይሳይድ ከዚያ በላላው ኤልጂፒኤል በሚባል ፈቃድ ስለሚሰጥ፣ ግዴታዎቹ እስከተጠበቁ ድረስ፣ የራስን ኮድ ሳይገልጡ መሸጥ ይቻላል። ይህን ሥራው ካለቀ በኋላ ማወቅ ያስከፍላል።

«ቲኪንተር ከፓይተን ጋር ስለሚመጣ ስሪቱ አያሳስብም»

ቲኪንተር ድልድዩ ብቻ ነው። ከበስተጀርባው ያለው ቲኬ፣ ቲክል ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ የራሱ ታሪክ አለው፦ 8.5 በ2007፣ 8.6 በ2012፣ 9.0 ደግሞ በሴፕቴምበር 2024 ወጥተዋል። ኡቡንቱና ዴቢያን በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ቲኪንተር በተለየ ፓኬጅ ስለሚሰጥ ፓይተን ኖሮ ቲኪንተር የማይኖርበት ጊዜ አለ። በማክ ላይ ከስርዓተ ክወናው ጋር የመጣው ቲኬ 8.5 ለዓመታት ሳይታደስ ቆይቷል፤ በአዳዲሶቹ ማኮች ላይ በዚያ ስሪት የተከፈተ መስኮት ጥቁር ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከፓይተን ይፋዊ ድረ ገጽ የሚወርደው የማክ መጫኛ ግን የራሱን አዲስ ስሪት ይዞ ይመጣል።

ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም። የፒኤንጂ ምስል በቀጥታ መክፈት የተቻለው ከ8.6 ጀምሮ ነው። የድርጅቱን አርማ በፒኤንጂ ያስገባ ፕሮግራም በ8.5 ላይ ገና ሲነሣ ይወድቃል።

የትኛው ስሪት እንዳለ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። በተርሚናል ላይ ፓይተንን በ«ኤም» አማራጭ ቲኪንተርን እንዲያስነሣ ማዘዝ ነው። ትንሽ መስኮት ይከፈታል። የቲኬ ስሪት በላዩ ተጽፏል፣ ከሥሩ ጭራ ያላት የፈረንሳይኛዋ «ሲ» ለፊደል ፍተሻ ተቀምጣለች፣ ከዚያ በታች ሁለት ቁልፎች አሉ። የላይኛው ቁልፍ በተነካ ቁጥር በጽሑፉ ግራና ቀኝ ቅንፍ ይጨምራል። ቅንፉ ከተጨመረ ፓይተኑ፣ ድልድዩና ቲኬው ተግባብተዋል። አንድ መስመር ኮድ ከመጻፌ በፊት ይህን መስኮት የማየት ልማድ አለኝ።

«አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ የሚታየው ላይብረሪው ስላረጀ ነው»

ይህ እኛን በቀጥታ ስለሚነካ ትንሽ ልቆይበት። የኢትዮጵያ ፊደል ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ቲኬ፣ ኪውቲና ጂቲኬ ሁሉ ያውቁታል። ሳጥን የሚታየው በኮምፒውተሩ ላይ ፊደሉን የያዘ ፎንት ሳይኖር ሲቀር ነው። በዊንዶውስ ኒያላ ከቪስታ ጀምሮ መጥቷል፣ በዊንዶውስ 10 ደግሞ ኤብሪማ ይህንን ሥራ ይሠራል። ማክ ኬፋ አለው። በሊኑክስ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ካልተጫነ ላይብረሪውን መቶ ጊዜ ማደስ ሳጥኑን ፊደል አያደርገውም። ፎንቱን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መስጠት ከሁሉ ይሻላል፤ ኪውቲ ከፋይል ላይ ፎንት አንሥቶ መጠቀም ይችላል።

እንዲያም ሆኖ ስሪት በእውነት የሚወስንበት አንድ ቦታ አለ። በ2021 ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚያገለግሉ 28 ፊደላት በዩኒኮድ ተጨምረዋል፤ የተቀመጡትም ከመጀመሪያዎቹ 65,536 ቦታዎች ውጭ ነው። ቲክል 8.6 በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱን ፊደል በ16 ቢት ስለሚይዝ ከዚያ ወሰን ያለፈውን እንደ አንድ ፊደል አያየውም። 9.0 ግን ሙሉውን ዩኒኮድ ይይዛል። ለጉራጊኛ መዝገበ ቃላት ወይም የመማሪያ ፕሮግራም በቲኪንተር የሚሠራ ሰው የቲኬን ስሪት ከመጀመሪያው መመርመር አለበት። ፊደሉን ቆርሶ የሚያሳይ ፕሮግራም ለልጅ አይሰጥም።

ማሳየትና መጻፍም የተለያዩ ናቸው። በሊኑክስ ላይ አማርኛ የምንጽፍበት ዘዴ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚገባው በተሰኪ በኩል ነው። በፒፕ የሚጫኑት ፓይሳይድና ፓይኪውቲ አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ዘዴ ተሰኪ ይዘው ይመጣሉ፣ ኤፍሲአይቲኤክስ የሚባለውን የሌላውን ዘዴ ግን አይዙም። ስለዚህ በሌላ ቦታ ሁሉ አማርኛ የሚጽፍ ኮምፒውተር በእኛ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ እንግሊዝኛ ሊጽፍ ይችላል።

«ከ5 ወደ 6 ለመሻገር ስሙን መቀየር ይበቃል»

አይበቃም። በኪውቲ 6 የሜኑ ትእዛዞችን የሚይዘው «ኪውአክሽን» ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተዛውሯል። በፓይኪውቲ 6 ደግሞ መሃል ላይ አስቀምጥ ለማለት «አላይን ሴንተር» ብቻ ይባል የነበረው ከነሙሉ አድራሻው መጠራት አለበት፤ በስሙ መጨረሻ ላይ የሥር ሰረዝ የነበረበት፣ ፕሮግራሙን የሚያስነሣው «ኤግዜክ»ም ከነሰረዙ አይገኝም። ክፋቱ ፓይተን እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያየው ያ መስመር ሲደርስ ብቻ መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ ተከፍቶ፣ ተመዝግቦበት፣ ከሰዓት በኋላ ገንዘብ ተቀባይዋ «አትም» የሚለውን ስትነካ መስኮቱ በሙሉ ይጠፋል። ከተሻገሩ በኋላ እያንዳንዱን ቁልፍ በእጅ ነክቶ ማየት አሰልቺ ነው፤ ግን ሌላ አስተማማኝ መንገድ አላየሁም።

«ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ከከፈትኩ ከሌላው ሁሉ ተለይቻለሁ»

ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ለአንድ ፕሮግራም የሚከፈት የተለየ የፓኬጆች ክፍል ነው። የሚለየው የፓይተን ፓኬጆችን ነው፤ የስርዓቱን ላይብረሪዎች አይለይም። ኪውቲ ከ6.5 ጀምሮ በሊኑክስ ላይ «ኤክስሲቢ ከርሰር» የሚባል የስርዓት ላይብረሪ ይፈልጋል። እሱ ከሌለ ፓይሳይድ በትክክል ተጭኖም መስኮት ላይከፈት ይችላል። የስህተት መልእክቱ ራሱ ስሙን ይጠራል፤ ማንበብ ብቻ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ፓኬጆችም ሊጋጩ ይችላሉ። ለምስል ሥራ የሚያገለግለው ኦፕንሲቪ በሊኑክስ ላይ የራሱን ኪውቲ ይዞ ስለሚመጣ ከፓይኪውቲ ጋር ይጣላል፤ መስኮት የሌለውን «ሄድለስ» ስሪቱን መጫን ይፈታዋል።

«በመጨረሻው ቁጥር ቢለያዩ ምንም አይደለም»

ፓይሳይድ እና አጋሩ ሺቦከን ቁጥራቸው እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ መሆን አለበት። የፓይኪውቲም ክፍሎች ከአንድ ትውልድ ይሁኑ። የሠራውን ጥምረት ከነሙሉ ቁጥሩ በፋይል መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«አሽጌ አንድ ፋይል ካደረግኩት የትም ይሠራል»

ፓይኢንስቶለር ፓይተኑን፣ ድልድዩንና ላይብረሪውን አንድ ላይ ያሽጋል፤ ስርዓተ ክወናውን ግን አያሽግም። በሊኑክስ ላይ የታሸገው በዊንዶውስ አይሠራም፣ ባለ 64 ቢቱም በባለ 32 ቢት ላይ አይነሣም። በኡቡንቱ 22.04 የታሸገ ፋይል በ20.04 ላይ «ጂሊብሲ» የሚባለው መሠረታዊ ላይብረሪ አንሶ ሊያስቆመው ይችላል፤ የመጀመሪያው 2.35፣ ሁለተኛው 2.31 ነው ያላቸው። ማሸግ ያለበት ተጠቃሚው ካለው አሮጌ ስርዓት ጋር እኩል በሆነ ስርዓት ላይ ነው። በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ ዊንዶውስ 7 በምናባዊ ማሽን ተጭኖ ተቀምጧል፤ በውስጡ ፓይተን 3.8.10 እና ፓይሳይድ 2 ብቻ አሉ። ለመድኃኒት መደብሩ የሚሄደው ማሻሻያ ሁሉ የሚታሸገውና መጀመሪያ የሚከፈተው እዚያ ነው።