የዳልተን የአቶም ሐሳብ፦ የቱ ወደቀ፣ የቱ ቆመ?

“ዳልተን አቶም አይከፈልም ብሎ ከተሳሳተ ለምን እንማረዋለን?” የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለተነሳ ላብራራው።

እንግሊዛዊው መምህር ጆን ዳልተን ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1808 በመጽሐፍ ሲያወጣ አቶምን ያየ ሰው አልነበረም። ማስረጃው ሚዛን ነው። 12 ግራም ካርቦን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ያ በር ዘግተው ከሰል ሲያነዱ የሚገድለው ጋዝ። ያው 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ከወሰደ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። 16፣ ከዚያ 32። ለምን ልክ እጥፍ? ኦክስጅን የሚገባው በፍሬ ስለሆነ ነው፦ ወይ አንድ፣ ወይ ሁለት፤ ግማሽ አቶም አይገባም። ዛሬ የምንጽፈው ፎርሙላና የምናመጣጥነው እኩልታ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በኬሚካላዊ ለውጥ አቶሞች አጣማሪ ይቀይራሉ እንጂ አይጠፉም የሚለውም አልተነካም።

“አይከፈልም” ያለው ግን እ.ኤ.አ. በ1897 በአቶም ውስጥ ያለው ትንሽ ቅንጣት፣ ኤሌክትሮን፣ ሲገኝ ወደቀ። የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ሁሉ ክብደታቸው እኩል ነው ማለቱም አይሶቶፕ (ክብደታቸው የሚለያይ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች) ሲታወቅ ቀረ። ውሃንም አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ነው ብሎ ነበር (ፈተና ላይ እንዳትጽፉት)።

የፍሬው ስሌት በጋዞች ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። በአንዳንድ ጠጣር ውህዶች፣ ለምሳሌ በአንዱ የብረት ኦክሳይድ፣ መጠኑ በትንሹ ከፍ ዝቅ ይላል።