ስቴሮይድ ከመጀመርዎ በፊት፦ ከአንጀት ተነስቶ አንጎል ስለሚደርሰው ትል

እኛ ዘንድ የሆድ ትል ብዙም አያስፈራም። መድኃኒቱን ውጦ መገላገል ነው። ስትሮንጂሎይደስ የሚባለው ትል ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እጩ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ቆይቶ በባዶ እግር ሲረገጥ ቆዳ በስቶ ይገባል። በዓለም 600 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘ ይገመታል፤ ኢትዮጵያ ውስጥም አለ። ስለ እሱ ከምንሰማቸው ነገሮች አንዳንዶቹ ሕይወት ስለሚያስከፍሉ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

«የሆድ ትል አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?»

ጤነኛ ሰው ላይ የበሽታ መከላከያው ትሉን ባያጠፋውም ቁጥሩን ይገታዋል። መከላከያው ሲዳከም ትሉ ያለ ልክ ይራባል። እጮቹ የአንጀትን ግድግዳ እየበሱ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ አንዳንዴም ወደ አንጎል ይሰራጫሉ። ብቻቸውን ደግሞ አይሄዱም፤ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ወደ ደም ይዘው ይገባሉ። ብዙ ጊዜ ማጅራት ገትር የሚያመጡት እነዚህ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስቴሮይድ (የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ማጅራት ገትር ይዞት ከጀርባው በተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ እንደ ኢ. ኮላይ ያለ የአንጀት ባክቴሪያ ከተገኘ፣ ይህ ትል መታሰብ አለበት። አንቲባዮቲክ ብቻ ተሰጥቶ ትሉ ከተረሳ፣ ባክቴሪያ ማስገባቱን ይቀጥላል። ትሉ እንዲህ ተሰራጭቶ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

«መከላከያው የሚዳከመው በኤችአይቪ ነው፤ እኔ ደግሞ ነጻ ነኝ»

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ለዚህ ትል በብዛት በር የሚከፍቱት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶንን የመሳሰሉ ስቴሮይዶች ናቸው። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለካንሰር፣ ኩላሊት ለተተከለለት ሰው ይታዘዛሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. ዴክሳሜታሶን በጽኑ የታመሙ የኮቪድ ሕሙማንን እንደሚያተርፍ ሲታወቅ፣ ባለሙያዎች ስለ ስትሮንጂሎይደስ ማስጠንቀቅ የጀመሩትም ለዚህ ነው። ለወራት መውሰድ ግድ አይደለም፤ ለጥቂት ቀናት ብቻ በወሰዱ ሰዎች ላይም ደርሷል።

«ከአገር ከወጣሁ ስንት ዓመቴ!»

ወስፋት ዕድሜው ሲያልቅ ይሞታል። ስትሮንጂሎይደስ ግን እዚያው ሰውነት ውስጥ ራሱን ይተካል። እጮቹ ገና ከአንጀት ሳይወጡ ጎልብተው መልሰው ይገባሉ፤ ሰውየው ዳግም አፈር መርገጥ አያስፈልገውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተማርከው በታይላንድና በርማ የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ የተሰማሩ የብሪታንያ ወታደሮች ነበሩ። አንዳንዶቹ አገራቸው ገብተው ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው ሲመረመሩ ትሉ ተገኝቶባቸዋል። ልጅነቱን በባዶ እግሩ ሲሮጥ ያሳለፈና ዛሬ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚኖር ሰውም ይህ ይመለከተዋል። የዚያ አገር ሐኪም ላያስበው ስለሚችል የት እንዳደጉ ራስዎ ይንገሩት።

«አልቤንዳዞል በየጊዜው እወስዳለሁ»

በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው አንድ ፍሬ ለወስፋት ጥሩ ነው። ለዚህ ትል ግን አይበቃም። ዋናው መድኃኒት አይቨርመክቲን ነው፤ ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባለው የቆዳና የዓይን በሽታ ባለባቸው ወረዳዎች ሜክቲዛን በሚል ስም የሚታወቀው።

«ሰገራ ሰጥቼ የለብህም ተብያለሁ»

እጮቹ የሚወጡት በጥቂቱ፣ ያውም አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ አንድ ምርመራ በቀላሉ ይስታቸዋል። የደም ምርመራ ካለ የተሻለ ነው።

«እንግዲያው ስቴሮይዱን ላቁመው»

እባክዎ በራስዎ አያቁሙ! ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ በድንገት ሲቋረጥ ራሱ ለሕይወት ያሰጋል። ገና ሊጀምሩ ከሆነ «መጀመሪያ ስትሮንጂሎይደስ ልመርመር?» ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ። ምርመራው ከሌለ ሐኪሙ አይቨርመክቲን አስቀድሞ ሊያዝልዎ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ክኒን ነው። ስቴሮይድ እየወሰዱ የሆድ ሕመም፣ ሳል፣ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአንገት መገተር ከመጣ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ ስለ ትሉም ያንሱላቸው።