ሃሎዊን ለትንንሽ ልጆች፦ ባለሥዕል መጽሐፍና ቀላል መክሰስ

ሃሎዊን ኦክቶበር 31 ማታ ይውላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ጥቅምት 20 ነው። ስሙ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1 የምታከብረውን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ያመለክታል። የኬልት ሕዝቦች አዝመራው ተሰብስቦ የብርዱ ወራት ሲገባ ያከብሩት ከነበረው ሳዊን ከተባለው በዓልም የወረሰው ነገር አለ። በአሜሪካ እንዲስፋፋ ያደረጉት በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሰደዱት አየርላንዳውያን ናቸው። አገራቸው ሳሉ ተርኒፕ የሚባለውን ሥራ ሥር ፈልፍለው ፋኖስ ያደርጉ ነበር፤ አሜሪካ ሲደርሱ ከዚያ የሚተልቅና ለመፈልፈል የሚቀል ዱባ አገኙ። ልጆች አምረው ወይም አስፈሪ መስለው በየደጁ ከረሜላ የሚሰበስቡበት ልማድ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መስፋፋት ጀመረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስኳር በራሽን ሲሆን ቀዘቀዘ፤ ራሽኑ በ1947 ሲነሳ እንደገና ደራ።

ለኢትዮጵያውያን አያቶች ይህን ለማስረዳት ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ሆያ ሆዬን ይጠቅሳሉ። ንጽጽሩ ግማሽ መንገድ ያደርሳል። የቡሄ ልጆች ሙልሙሉን የሚያገኙት ዘፍነው፣ ባለቤቱን አወድሰውና መርቀው ነው፤ የሃሎዊን ልጅ ግን ልብሱን አሳይቶ አንዲት ዐረፍተ ነገር ከተናገረ ይበቃዋል።

ጨለማ ውስጥ ቤት ለቤት መዞሩ ለትልልቆቹ ይስማማል። ከ2 እስከ 6 ዓመት ላሉት መዋዕለ ሕፃናት፣ ላይብረሪዎችና ወላጆች ለዘብ ያለ ሌላ መልክ አበጅተዋል፦ ቀን ላይ አንድ ሁለት ባለሥዕል መጽሐፍ ይነበባል፣ ከዚያ ከመጽሐፉ ገጽ የወጣ የሚመስል መክሰስ ይቀርባል። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። ከረሜላ ያየ ልጅ ዓይኑ ከሳህኑ ስለማይነሳ መጽሐፉ ይቀድማል፤ ላይብረሪውም ቸኮሌት ያላረፈበት መጽሐፍ ይመለስለታል።

መጽሐፉን መምረጥ

ባለሥዕል መጽሐፍ በአብዛኛው 32 ገጽ ነው፤ ምክንያቱ አሳታሚው ትልቁን ወረቀት አትሞ በ16 ገጽ ስለሚያጥፈው ነው። ጮክ ብሎ ሲነበብ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል፤ ለ4 ዓመት ልጅ ልክ ነው። ከ3 ዓመት በታች ላሉት ገጹ ወፍራም ካርቶን የሆነ፣ በገጽ ከአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር የማይበልጥ ይሻላል። የላይብረሪ የሃሎዊን መጻሕፍት ቀድመው ስለሚያልቁ በሴፕቴምበር መያዝ ነው፤ በኦክቶበር አጋማሽ መደርደሪያው ላይ የሚቀረው ሰው ያልፈለገው ነው።

ሽፋኑ ፈገግ ያለ ዱባ ስለሆነ ብቻ መጽሐፍ አይመረጥም። ትንንሾቹን የሚያስደነግጠው ቃሉ ሳይሆን ሥዕሉ ነው፤ በተለይ ሁለቱን ገጾች የሞላ ጥቁር መደብ ላይ ድንገት የሚመጣ ትልቅ ፊት። ስለዚህ አንባቢው አስቀድሞ ገጾቹን ለብቻው ያገላብጣቸው። ለዚህ ዕድሜ የሚበጁት ፍርሃቱን በልጁ እጅ የሚያስገቡ መጻሕፍት ናቸው። ኤድ ኤምበርሊ በ1992 ያሳተመው የትልቁ አረንጓዴ ጭራቅ መጽሐፍ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ገጾቹ ተቦርቡረው የተቆረጡ ስለሆኑ፣ ጭራቁ ገጽ በተገለጠ ቁጥር ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ እያለ ይሠራል፤ ከመሐል ጀምሮ ደግሞ ልጆቹ «ሂድ!» ባሉት ቁጥር አንድ አንድ አካሉ ይጠፋል። ገላጩ ልጁ ራሱ ቢሆን ይመረጣል።

በቡድን ሲነበብ ልጆቹ በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ፤ አንባቢው መጽሐፉን ከጎኑ በትከሻው ልክ ይዞ፣ ገጹን ሥዕሉን በማይሸፍን እጅ ይገልጣል። ከ10 ልጆች በላይ ከሆኑ ኋላ ያሉት ጥቃቅኑን ሥዕል አያዩም፤ «አላየሁም» የሚለው ጩኸት ታሪኩን ያቋርጠዋል። ሁለት ቡድን ማድረግ ይሻላል። ረጅሙ መጽሐፍ ይቀድማል፣ ከዚያ ተነሥቶ እንደ ሌሊት ወፍ መብረር፣ ከዚያ አጭሩ። መብራቱን አጥፍቶ በባትሪ ማንበብ ለ7 ዓመት ልጅ ደስታ ነው፤ ለ3 ዓመቱ ግን ሌሊት ሲባንን ማደር ነው። ጭንብልም እንዲሁ፦ በዚህ ዕድሜ ያሉ ብዙ ልጆች ፊቱን የሸፈነው ሰው ያው አባታቸው መሆኑን ቢያውቁም ይሸበራሉ።

በአማርኛ ሲነበብ

ቤት ውስጥ አማርኛ የሚነገርባቸው ቤተሰቦች የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ሥዕሉን እያዩ በአማርኛ ይተርኩታል። እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት ያሳስታል። ባለ ሹል ኮፍያዋ፣ በመጥረጊያ የምትበረው ሴትዮ «ጠንቋይ» ከተባለች፣ አያት ሰምታ በስመ አብ ትላለች፤ በእኛ ቋንቋ ጠንቋይ የተረት ሰው ሳይሆን ደጁ ሰው የሚሰለፍበት ነው። «መንፈስ» የሚለውም ቃል ከጸሎት ጋር የተያያዘ ነው። የሚያዋጣው የሚታየውን መጥራት ነው፦ «ባለ መጥረጊያዋ ሴትዮ»፣ «ነጭ አንሶላ የለበሰው»። ጭራቅ፣ ሸረሪት፣ የሌሊት ወፍና አጽም ያለ ችግር ያልፋሉ። ጉጉት ግን አስተያየት ይጠይቃል፤ በፈረንጁ መጽሐፍ ጥበበኛ መምህር ናት፣ በእኛ አገር ደግሞ በብዙ ቤት ክፉ ነገር የምታወራ ወፍ ናት።

ሃሎዊንን በእምነት ምክንያት የማያከብሩ ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤና ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች «የመኸር በዓል» እያሉ ከጭራቅ ይልቅ ስለ ዱባ አበቃቀል፣ ስለሚረግፈው ቅጠልና ስለ እንስሳት የሚያስተምሩ መጻሕፍት ያነባሉ። ለተቀላቀለ ክፍል ከሁሉ የሚመቸው ይሄ ነው።

መክሰሱ

ቀላሉ የመንደሪን ዱባ ነው፦ የተላጠ መንደሪን አናቱ ላይ ቀጭን የኪያር ቁራጭ ይሰካበታል። ከመቅረቡ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ አይላጥም፤ ላዩ ይደርቃል። የሙዝ «አንሶላ ለባሽ» ለመሥራት ሙዙ መሐሉ ላይ ለሁለት ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ወደ ታች ሆኖ ይቆማል፣ ሁለት ቸኮሌት ቺፕስ በሹል ጫፋቸው ተሰክተው ዓይን ይሆናሉ። ሙዙ ጎበጥ ያለ ከሆነ ስለሚወድቅ ቀጥ ያለውን መምረጥ፤ እንዳይጠቁር ብርቱካን ጭማቂ መቀባት።

እንጆሪ የሚነከርበትን ቸኮሌት ማቅለጥ ብዙዎችን ያሳፍራል። በማይክሮዌቭ በግማሽ ኃይል በየ30 ሴኮንዱ እየወጣ ይማሰላል። አንዲት የውኃ ጠብታ ከገባችበት ስኳሩ ውኃውን ይይዝና ቸኮሌቱ እንደ አሸዋ ይቋጠራል፤ ስለዚህ ሳህኑም እንጆሪውም ፍጹም ደረቅ ይሁኑ። ውኃ ውስጥ የተበጠበጠ የምግብ ቀለምም ያው ነው፤ ለነጭ ቸኮሌት ዘይት ላይ የተሠራው ይገዛል።

የዱባ ፍሬ ለመቁላት ከጅማቱ ተለይቶ፣ ጨው ባለበት ውኃ 10 ደቂቃ ተቀቅሎ፣ በፎጣ ይደርቃል። 2 ኩባያ ፍሬ በ1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ታሽቶ ትሪ ላይ ሳይደራረብ በ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ መሐል ላይ እየተገላበጠ ይቆያል። ሳይደርቅ የገባ ፍሬ ይታጠናል እንጂ አይቆላም፤ እንደ ቆዳ ይታኘካል።

ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ይህ ፍሬም ሆነ ፈንዲሻ፣ ለውዝ፣ ደረቅ ከረሜላ፣ ማርሽማሎና ሙሉ ወይን አይሰጥም፤ ያንቃል። ለቡና የተቆላው ፈንዲሻ ከጠረጴዛው ስለማይጠፋ የእኛ ቤት ይህን ይረሳል። ወይን በቁመቱ ለአራት ይሰነጠቃል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ቤት የተሠራ ምግብ አይቀበሉም፤ የታሸገና ጽሑፍ ያለበት ይፈልጋሉ። በአሜሪካ ሕግ በማሸጊያ ላይ መጻፍ ያለባቸው ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች ዘጠኝ ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳት፣ እንደ አልመንድ ያሉ የዛፍ ለውዞች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ከጃንዋሪ 1፣ 2023 ወዲህ ሰሊጥ። በኦቾሎኒ ቅቤ ፋንታ የፈረንጅ ሱፍ ቅቤ ይተካል፤ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ብስኩት ሲጋገርበት ሲቀዘቅዝ ውስጡ አረንጓዴ ይሆናል። አልተበላሸም፤ ለዚህ ቀን እንዲያውም ያምርበታል። ደጃፍ ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ የተቀባ ዱባ ማስቀመጥ ከ2014 ወዲህ በመላ አገሪቱ የታወቀ ምልክት ነው፤ እዚህ ቤት ከምግብ ሌላ ትንሽ ስጦታ አለ ማለት ነው።

የአሳማ ነገርም አለ። ማርሽማሎና ብዙ ለስላሳ ከረሜላዎች የሚረጉት ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በሚሠራ ጄላቲን ነው፤ በአሜሪካ ገበያ ደግሞ ይህ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ይወጣል። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ስለማይበላው ጽሑፉን ማንበብ፣ ወይም ሐላል፣ አለዚያም ከፍራፍሬ በሚወጣ ፔክቲን የረጋ መግዛት ነው። በተጨማሪ ቀኑ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚቆየው የጽጌ ጾም ውስጥ ይውላል። ጾሙ የፈቃድ ነው፤ በሚጾምበት ቤት ግን መንደሪኑ፣ የዱባ ፍሬውና ወተት የሌለው ጥቁር ቸኮሌት ለሁሉም ይደርሳሉ።

ፊት የተቀረጸበት ትልቁ ዱባ ሥጋው ውኃ የበዛበትና ጅማታም ነው፤ ተቆርጦ ውጭ ከዋለ በጥቂት ቀን ይሻግታል፣ አይበላም። ልጆቹ ቀለም ብቻ የቀቡት ሳይሆን ጨርሶ ያልነኩት ትንሹና ጣፋጩ ዱባ ግን በደረቅ ቀዝቃዛ ቦታ ሳምንታት ይቆያል፤ ለጾም የዱባ ወጥ የሚሆነውም እሱ ነው።