ተከታታይ ጥናት፦ ለውጥን በጊዜ ሂደት የመመርመሪያ ስልት

ተከታታይ ጥናት የአንድን ማኅበረሰብ ወይም የተወሰኑ ሰዎችን ሁኔታ በተለያየ ጊዜ ደጋግሞ በመለካት ለውጥን የሚመረምር ስልት ነው። መረጃን በአንድ ወቅት ብቻ የሚሰበስብ ጥናት በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያሳይ እንደሆነ እንጂ ለውጥን አያሳይም። የ30 እና የ70 ዓመት ሰዎችን በአንድ ሰሞን ፈትኖ የማስታወስ ችሎታቸውን ያነጻጸረ አጥኚ ያገኘው ክፍተት ከእርጅና ይምጣ ወይስ ሁለቱ ትውልዶች ካገኙት የተለያየ ትምህርትና አስተዳደግ፣ ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ጉዳዩን አጉልቶ ያሳየው በአሜሪካ፣ ሲያትል፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የተጀመረውና በየ7 ዓመቱ የተደገመው የአእምሮ ችሎታ ጥናት ነው። የአንድ ጊዜው ንጽጽር ችሎታ ገና በጉልምስና ማሽቆልቆል እንደሚጀምር ያመለክት ነበር፤ እነዚያው ሰዎች ለዓመታት ሲፈተኑ ግን፣ እንደ ፍጥነት ካሉት በቀር፣ አብዛኞቹ ችሎታዎች እስከ 60 ዓመት ገደማ ጸንተው እንደሚቆዩ ታየ። ይሁንና ክትትሉም የራሱ አሳሳች ገጽታ አለው። ተሳታፊው ፈተናውን ይለምደዋል፤ የታመመውና የደከመው ቀድሞ ስለሚያቋርጥም እስከ መጨረሻው የሚዘልቁት የበረቱት ይሆናሉ። ስለዚህ አጥኚዎቹ በየዙሩ አዳዲስ ሰዎችን እየጨመሩ ከነባሮቹ ጋር አነጻጽረዋል።

ስልቱ በየዙሩ ከአንድ ሕዝብ አዲስ ናሙና የሚወስድበት፣ ያንኑ ግለሰብ የሚከታተልበት ወይም በአንድ ዘመን የተወለዱትን የሚከተልበት መልክ አለው። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው ጥናት 5,209 ሰዎችን በየ2 ዓመቱ እየመረመረ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ከልብ ሕመም ጋር ያላቸውን ግንኙነት ያረጋገጠው፣ መረጃው ሕመሙ ከመከሰቱ በፊት ስለተመዘገበ ነው፤ ሕመምተኛን ስላለፈው ኑሮው መጠየቅ ለመርሳት የተጋለጠ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተሳታፊን አለማጣት ነው፤ በእኔ እምነት የአንድ ተከታታይ ጥናት ጥራት ከስሌቱ ይልቅ በዚህ ይለካል። በኒውዚላንድ ዱኒዲን እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን የሚከታተለው ጥናት ባሕር ማዶ የሄዱትን ሳይቀር ለምርመራ ወደ ከተማዋ ያመጣል፤ በ45 ዓመታቸውም በሕይወት ካሉት ከ90 በመቶ በላይ ተገኝተዋል። መለኪያው በመሃል ከተቀየረ ደግሞ የመሣሪያው ለውጥ የሰዎቹ ለውጥ መስሎ ይታያል። በሕፃንነቱ በወላጅ ፈቃድ የገባ ተሳታፊም ሲያድግ የራሱ ፈቃድ ሊጠየቅ ይገባል።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1946 በአንድ ሳምንት ከተወለዱት መካከል 5,362 ልጆችን የመረጠው ክትትል ሲጀመር የተጠየቀው ስለ እናቶች አገልግሎትና ስለ ወሊድ ወጪ ነበር፤ ያው መዝገብ ከአሥርት ዓመታት በኋላ የልጅነት ኑሮ በእርጅና ጤንነት ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ለማጥናት አገልግሏል።