ክሪቲካል ቲንኪንግ ምንድን ነው? «ዋሱ ማነው?» ማለት ነው

ሰሞኑን አንድ አሰልጣኝ ነኝ ባይ ቪዲዮ ላይ «ክሪቲካል ቲንከር ማለት ማንንም የማያምን ሰው ነው» ሲል ሰማሁትና ስልኬን ደፍቼ አስቀመጥኩት። ይቺን ነገር ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ተማሪ ይላታል፣ ወላጅ ይላታል፣ ባለፈው ደሞ አንድ ስልጠና ላይ በሻይ ሰዓት አጠገቤ የቆመ መምህር ራሱ «ልጆቹ ክሪቲካል እንዲሆኑ ሁሉን ነገር እንዲቃወሙ ማለማመድ አለብን» አለኝ። ኧረ በፈጣሪ! እዚህ ጅማ ቁጭ ብላ ቡና የምትለቅም ሴትዮ የቡና ጠላት ናት ብሎ የሚያስብ ሰው አለ እንዴ? የምትለቅመው እኮ እንዲጠጣ ነው።

ፕሪሚስ ምንድን ነው፣ ዲዳክቲቭ ከኢንዳክቲቭ በምን ይለያል የሚለውን እዚህ አላወራም፣ ፍሬሽማን በ2012 ከተመለሰ ወዲህ አንደኛ ዓመት የገባ ሁሉ ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ ብሎ ይወስደዋል፣ ሞጁሉም በየስልኩ አለ። እኔን የሚያበግነኝ ከዛ ኮርስ ኤ ይዞ የወጣው ልጅ ነው። የፋላሲ (የሙግት ስህተት) ስም እንደ ዳዊት ወጥቶታል፣ ትንሽ ስታወራው «አድ ሆሚነም!»፣ «ስትሮው ማን!» እያለ ፊሽካ ይነፋብሃል፣ አንድ ገጽ የራስህን ሀሳብ በማስረጃ ደግፈህ ጻፍ ስትለው ግን ሦስተኛው መስመር ላይ «ስለዚህ መንግስትና ህብረተሰቡ ትኩረት ሊሰጡት ይገባል» ብሎ ይዘጋዋል።

ለነገሩ «መቃወም ነው» ለሚሉት ሰዎች አንድ ነገር ልንገራቸው። በ1990 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፍልስፍና ማህበር ጉዳዩን ያስጠናቸው 46 ባለሙያዎች ክሪቲካል ቲንኪንግ ውስጥ ያሉት ዋና ዋና ክህሎቶች ስድስት ናቸው ብለው ነበር፣ መተርጎም፣ መተንተን፣ መመዘን፣ ካለህ ነገር ተነስተህ ድምዳሜ ላይ መድረስ፣ ማስረዳት፣ ስድስተኛው ደሞ የራስህን አስተሳሰብ መልሰህ መፈተሽ። መቃወም የት አለች? የለችም። እንደውም ስድስተኛዋ የምትፈትሽብህ የጎረቤትህን ሳይሆን የራስህን ጓዳ ነው፣ ለዛ ነው ማንም ስሟን የማይጠራት።

እኔ ክላስ ውስጥ ነገሩን የማስገባው በአንድ ቃል ነው፣ ዋስ። በ1958 እ.ኤ.አ. ስቲቨን ቱልሚን የሚባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ አንድን ሙግት ስትበትነው ስድስት ብልት ይወጣዋል አለ፣ ከስድስቱ ውስጥ ተማሪዎቼን የሚያሰቃያቸው ዋራንት የሚለው ነው። ዋራንት ማስረጃውን ከድምዳሜው ጋር የሚያያይዘው፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው እምነት ነው። እንደዚ ብዬ ሳስረዳቸው ያፈጡብኛል። ዋስ ስላቸው ግን ይገባቸዋል፣ ምክንያቱም ዋስ ሁን ሲባል አባቱ እንቅልፍ ያጣበት ልጅ ሁሌም ክላስ ውስጥ አይጠፋም።

እንዲህ ነው። አንድ ሰው «እመነኝ» ሲልህ ብድር እየጠየቀህ ነው በለው። ማስረጃው እጁ ላይ ያለችው ነገር ናት፣ ላም ትሁን ሞተር ሳይክል። ግን ይቺ ላም ለዚህ ሁሉ ብር ትበቃለች ያለው ማነው? ዋሱ ነዋ። ዋሱ ደሞ ዝም ብሎ ዋስ አይሆንም፣ ንብረት አለው ወይ ተብሎ ይጠየቃል፣ ቱልሚን ባኪንግ የሚለው ይሄ ነው። እስከ ስንት ብር ድረስ ነው የቆምክለት ይባላል፣ ይሄ ኳሊፋየር ነው፣ «ብዙውን ጊዜ»፣ «ምናልባት»፣ «በጅማ ደረጃ» የምትሉት ቃል ሁሉ የዋስትናው ጣሪያ ነው። ሰውየው ቢሞትስ፣ ላሟ ብትታመምስ፣ ዋስትናው የማይሰራው መቼ ነው? ይሄ ሪበተል ነው። ድምዳሜ፣ ማስረጃ፣ ዋስ፣ የዋሱ ንብረት፣ ጣሪያው፣ የማይሰራበት ሁኔታ፣ ስድስቱም ሞላ። የሚገርመው ቱልሚን ራሱ ሀሳቡን የወሰደው ከሂሳብ ሳይሆን ከፍርድ ቤት ሙግት ነው፣ እኛ ደሞ ተጠየቅ ልጠየቅ ያለ፣ በላ ልበልሃ ሲባባል የኖረ፣ ዋስ ጥራ ሲባል ዋስ የሚጠራ ሀገር ልጆች ሆነን ይሄ ሊከብደን አይገባም ነበር። (በላ ልበልሃን ግን አላሽሞነሙነውም፣ እዛም ቢሆን በአንደበቱ ብቻ የረታ ሞልቷል። አንደበትና ሙግት አንድ አይደሉም።)

አሁን ወደ ፖፕ ካልቸሩ፣ ማለትም ሙግትን ተማሪው በሚያውቀው ቀልድ፣ ማስታወቂያና ጥቅስ ወደማስተማሩ። ያው አስተያየት ሰጪ «ልጄን ዩኒቨርሲቲ የላኩት ቲክቶክ እንዲያይ ነው ወይ» የሚል አይጠፋም፣ ከአንድም ሦስቴ ሰምቼዋለሁ። መልሱ አይደለም ነው፣ ግን ሰውየው ብቻውን አይደለም የተሳሳተው፣ ይሄን ዘዴ የሚጠቀሙ መምህራንም «ተማሪው እንዳይሰለቸው ነው» ይላሉ። እሱ አይደለም። መሰልቸትማ ይሰለቻል። ነገሩ ሌላ ነው፣ የመማሪያ መጽሐፎቹ ምሳሌ ስለ አሜሪካ የጦር መሳሪያ ህግ ሲሆን የኔ ተማሪ በጉዳዩ ላይ ጭንቅላቱ ውስጥ የተደበቀ ምንም ዋስ የለውም፣ ስለዚህ የሚፈልገውም የሚያገኘውም ነገር የለም፣ ይሸመድደዋል። የሚያውቀው ቀልድ፣ ማስታወቂያ፣ ጥቅስ ላይ ግን ዋሱ ራሱ ተማሪው ነው፣ ሳያውቀው ፈርሞለታል። አሪስቶትል እንዲህ አንዱ መነሻው ሳይነገር ሰሚው ራሱ የሚሞላውን አነጋገር ኤንቲሚም ይለዋል። የኔ ስራ ፊርማውን ማሳየት ነው።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የባጃጅ ጥቅስ ጻፍኩ፣ «ፍቅር ካለ ባጃጅ አውቶቡስ ይሆናል»። ሳቁ። ይሄ ሙግት ነው ወይ ስላቸው አይደለም ጥቅስ ነው አሉኝ። እሺ፣ ምን አድርጉ ነው የሚላችሁ? ተጠጋጉ። ማስረጃው? ፍቅር። ዋሱስ? ዝም። ከዛ አንዱ «የሚዋደድ ሰው መጨናነቅን ይችላል» አለ፣ ጥሩ፣ ግልብጡስ ምን ይላል ስል አንዷ «አልጠጋም ያለ ፍቅር የለውም» አለች፣ አያችሁ አሁን ነገሩ ጥርስ አወጣ፣ ከኋላ ሦስት ሆነን ተቀምጠን አራተኛ ሰው ሲመጣ ለምን አፋችንን እንደምንይዝ ገባቸው፣ የምንፈራው ጥበቱን ሳይሆን ፍቅር የለሽ መባልን ነው። ወዲያው ከጥግ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ የአጋሮ ልጅ «ቲቸር፣ ፍቅሩን የምናዋጣው እኛ፣ ሂሳቡን የሚሰበስበው እሱ» አለች። ክላሱ ፈረሰ። ለአስር ደቂቃ ማስተማር አልቻልኩም።

ግን ሳቁ አይደለም ዋናው፣ ጽሁፉ ነው። የዚችው ልጅ የመጀመሪያ ድራፍት (እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ስመልሰው) «ባጃጅ ትርፍ መጫኑ መጥፎ ነው ምክንያቱም ጥሩ ስላልሆነ» የሚል ነበር፣ እውነቴን ነው። ሦስተኛው ድራፍቷ ደሞ «አራተኛው ሰው ሾፌሩ ጎን ሲቀመጥ ሾፌሩ መሪውን እንደልቡ ማዞር አይችልም፣ መሪውን እንደልቡ የማያዞር ሰው ደሞ ድንገት ልጅ ቢገባበት ማምለጥ ያቅተዋል፣ ስለዚህ ቢያንስ ቀን ላይ፣ ሌላ ባጃጅ በሚገኝበት ሰዓት፣ ትርፍ መጫን ሊቀር ይገባል፣ ማታ አንዲት ሴት ብቻዋን መንገድ ላይ ከምትቀር ግን ተጠጋግቶ መሄዱን እኔም እመርጣለሁ» ሆነ። ዋሱን አወጣችው፣ ጣሪያ አበጀችለት፣ የማይሰራበትንም ራሷ ነገረችን። መቃወም ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ድራፍት ላይ አልቆ ነበር።

ኳስም ይሰራል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በዛው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ የዓመቱ ምርጥ ቡድን ነበር ወይስ ዕድለኛ የሚለውን ስሰጣቸው ክላሱ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ «ዋንጫ የበላ ምርጥ ነው» የሚል ዋስ ይዞ፣ ግማሹ «ምርጥ ማለት ዓመት ከዓመት የሚደግም ነው» የሚል ዋስ ይዞ፣ ሁለቱም ዋሳቸውን ደብቀው ስለ ጎል ይጯጯሃሉ። ጎሉ ላይማ ይስማማሉ እኮ! ፌስቡክ ላይ ያለው ጸብም አብዛኛው እንደዚ ነው።

ዘፈን ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዘፈን ሁሌ ሙግት አይደለም። «ያላንቺ አልኖርም» ያለውን ዘፋኝ ማስረጃህ የታል ብሎ መያዝ ክሪቲካልነት ሳይሆን ደረቅነት ነው፣ ዘፈን ይተረጎማል፣ ሰምና ወርቁ ይፈለጋል፣ እሱ ሌላ ሙያ ነው፣ የስነ ጽሁፍ ሰዎችን ጠይቁ። ሁለተኛው ደሞ «የሁላችንም» የምንለው ፖፕ ካልቸር የሁላችንም አይደለም። ጅማ ክላስ ውስጥ አንዱ በአፋን ኦሮሞ ኮሜዲ ያደገ ነው፣ አንዱ የአማርኛ ሲትኮም፣ አንዱ ከጋምቤላ መጥቶ ሁለቱንም አያውቃቸውም። አንድ ጊዜ የአዲስ አበባ ቀልድ ይዤ ገብቼ ግማሹ ክላስ ሲስቅ ግማሹ ወደ መስኮት ሲያይ አይቼ አፍሬያለሁ፣ ከዛ ወዲህ ቁራጩን የሚያመጡት ራሳቸው ናቸው፣ ለማያውቅ ሰው ማስረዳቱም የራሳቸው ስራ ነው።

ሌላም አለ፣ የኛ ሙያ ሰዎች ጮክ ብለው የማይናገሩት። ጆን ማክፔክ የሚባል ሰው በ1981 እ.ኤ.አ. ማሰብ ማለት ስለ አንድ ነገር ማሰብ ነው፣ ከርዕሱ ተነጥሎ ለሁሉም የሚሰራ «ክሪቲካል ቲንኪንግ» የሚባል ክህሎት የለም ብሎ ተከራክሯል፣ ክርክሩም እስከዛሬ አልተዘጋም። እኔም የባጃጅ ጥቅስ የበተነ ልጅ በማግስቱ የወባ መድሃኒት ጥናት ይበትናል ብዬ ዋስ አልሆንም። ለዛ ስለ ወባ ማወቅ አለበት። እኔ የምሰጠው «ዋሱ ማነው» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው፣ ዋሱ ንብረት እንዳለው የሚያጣራው የትምህርት ክፍሉ ነው።

ያን ቪዲዮ በኋላ እስከ መጨረሻው አየሁት። «ማንንም አትመኑ» ካለ በኋላ ቁጥሩን አስቀመጠና «በዚህ ደውላችሁ ለኮርሴ ተመዝገቡ» አለ። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ክላስ አውርጄዋለሁ፣ ፕሮጀክተሩ ከሰራ።