የውሃ ራዶን ምንድን ነው? በተለይ ቁጥሩ

በቀደም ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ስልኩን ከፍቶ ለጓደኞቹ ያነብላቸዋል። «በውሃው ውስጥ የተገኘው ራዶን ከዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በ200 እጥፍ ይበልጣል!» ሻዩ ትን አለኝ። (ራዶን ጨረር የሚያወጣ ጋዝ ነው፤ እመለስበታለሁ።) የየት ሀገር ውሃ እንደሆነ እንኳ አልተጻፈም። ይህችን «እጥፍ» ስሰማ ደግሞ የመጀመሪያዬ አይደለም። አንዴ 200 ናት፣ አንዴ 500፣ አንዴ ሺህ። ስሌቷ ግን ሁልጊዜ ያችው ናት።

እንዲህ ነው የምትሠራው። አንድ የጉድጓድ ውሃ ተለካና በሊትር 20 ቤክሬል ወጣ እንበል። (ቤክሬል ማለት በሰከንድ አንድ አቶም ፈረሰ ማለት ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።) ጸሐፊያችን አንድ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው ይላል። ልክ ነው። ስለዚህ 20,000 ቤክሬል በሜትር ኪዩብ። ይህም ልክ ነው። ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅት «100 ቤክሬል በሜትር ኪዩብ» ያለውን ያመጣና ያካፍላል። እዚህ ላይ ገደል ገባ። ያ 100 የቤት ውስጥ አየር ነው። የምንተነፍሰው እንጂ የምንጠጣው አይደለም።

ራዶን ጋዝ ነው። ዐለት ውስጥ ካለ ዩራኒየም፣ በራዲየም በኩል ይወለዳል። ማንም አልጨመረውም፤ ፋብሪካም አልለቀቀውም። የከርሰ ምድር ውሃ ካገኘ ይሟሟል፤ ውሃው አየር ሲያገኝ ደግሞ ይወጣል። ዋናው ጉዳቱም ከወጣ በኋላ ነው። ስንተነፍስ እሱና ልጆቹ (እሱ ሲፈርስ የሚወለዱት አቶሞች) ሳንባ ውስጥ ይፈርሳሉ። ለሳንባ ካንሰር ከሲጋራ ቀጥሎ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ትልቅ ግምገማ ከውሃ ራዶን የሚመጣውን የካንሰር ሞት ሲያሰላ 89 በመቶው በመተንፈስ፣ 11 በመቶው ብቻ በመጠጣት ነው ብሏል።

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አስቡ። ሳሎን ውስጥ ከፈታችሁት፤ ቱሽ አለ። ጋዙ ወጣና ከክፍሉ አየር ጋር ተቀላቀለ። «ጠርሙሱ ውስጥ ይህን ያህል ጋዝ ስለነበረ ሳሎኑም ይህን ያህል አለው» የሚል ሰው አለ? የለም። የሻይ ቤቱ ስሌት ግን ይህንኑ ነው የሚለው። በባለሙያዎች ዘንድ የሚሠራበት ግምት 10,000 ለ 1 ነው። ውሃው በሜትር ኪዩብ 20,000 ካለው፣ የቤቱ አየር ላይ የሚጨምረው 2 ቤክሬል ያህል ነው። ደጅ ቆመን የምንተነፍሰው አየር ራሱ በአማካይ 10 ገደማ አለው።

ይህ 10,000 አማካይ መሆኑን ግን ልብ በሉልኝ። የተሠራው ሻወርና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ባለው ቤት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሮቶ ውስጥ ቀናት የሰነበተ ውሃ ላይ ያው ቁጥር አይሠራም፤ ራዶኑ ከ3.8 ቀን በኋላ በራሱ ግማሹ ያልቃል፣ የሚያመልጠውም አለ። በተቃራኒው ደግሞ ጠባብና መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ በቀጥታ በመጣ ሙቅ ውሃ ግማሽ ሰዓት የሚታጠብ ሰው ለጊዜው ከግምቱ የበለጠ ይተነፍሳል። ለማንኛውም ብዙ ቤት ውስጥ ራዶን የሚገባው በወለል ስንጥቅ ነው፣ ከአፈር። እሱን ማንም በስልኩ አያነብም።

«አሜሪካኖች ገደባቸው 11 ነው» የሚልም አለ። ያ 11 ቤክሬል በሊትር እ.ኤ.አ. በ1999 የቀረበ ረቂቅ ነው። ሕግ ሆኖ አልጸደቀም። ከዚያው ጋር 148 የሚል አማራጭም ነበረ፤ እሱን የሚጠቅስ አላየሁም። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 100 በሊትር ይላል፤ ከ1,000 ካለፈ እርምጃ ያስፈልጋል ይላል። የእኛ የምሳሌ ጉድጓድ 20 ነበር።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን «ውሃውን አታፍሉት፣ ጨረሩ ይጠነክራል» የሚለው ምክር ነው። ወንድሜ፣ ፍሎራይድ ቢሆን እሺ፤ ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል። ራዶን ግን ጋዝ ነው፤ ሲፈላ ይሄዳል። አምቦ አፍልታችሁ ጋዙ የቀረላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ታይፎይድና ጃርዲያ ባለበት ሀገር ሰውን ከማፍላት መከልከል ቀልድ አይደለም።

«የጎንደር ውሃስ?» ይሉኛል። ለከተማዋ ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኘው የገጽ ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ራዶን አይበዛበትም። የአንገረብ ሰው ስለ ደለል ቢጠይቀኝ ይሻለዋል። መለካት ያለበት የጉድጓዱና የምንጩ ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው በጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፤ ቤተ መንግሥቶቹ የተሠሩበት ያው ድንጋይ። ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ ከግራናይት ያነሰ ዩራኒየም ይዟል። ይህ ግን ልኬትን አይተካም። ውሃው በየትኛው ስንጥቅ እንደመጣ ድንጋዩን ከላይ አይቶ የሚያውቅ የለም።

አንዱ እንድለካለት የጉድጓድ ውሃ በጀሪካን አመጣልኝ። እስከ ግማሽ ተሞልቷል፣ በባጃጅ ተንጧል። ክፍት አምቦ አንቀጥቅጦ አምጥቶ «ጋዙን ለካልኝ» እንደማለት ነው። የወጣው ዝቅተኛ ቁጥር የውሃው አይደለም፣ የመንገዱ ነው። የመስታወት ጠርሙስ ይሁን። ፓምፑ ቱቦ ውስጥ የተኛውን ውሃ እስኪያወጣ ይጠበቅ። ቱቦው ጠርሙሱ ሥር ደርሶ ሳይንፎለፎል ይሙላ፤ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ ሳትቀር ይከደን። ላብራቶሪ ደርሶም፣ በእኔ መሣሪያ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ የራዶን ልጆች ከእናታቸው እኩል መፍረስ እስኪጀምሩ።

የአምቦ ምሳሌዬ የምትሰበረው እዚህ ላይ ነው። ያልተከፈተ አምቦ ዓመት ቢቀመጥ ጋዙ አለ። ራዶን ግን ተከድኖም ያልቃል፤ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ከቆየ 30 በመቶው የለም። ወደኋላ ማስላት ይቻላል። ሌላም አለ፦ ጋዙን ጨርሰን አውጥተን፣ ከድነን አንድ ወር ብናቆየውና ራዶኑ ተመልሶ ቢመጣ፣ ራዶንን የሚወልደው ራዲየም ራሱ ውሃው ውስጥ ሟምቷል ማለት ነው። ያኔ ወሬው ይለወጣል። እሱ ማፍላትም አይመልሰውም፣ መጠጣቱም በቀጥታ ያሳስበኛል።

ወደኋላ ለማስላት ግን ሰዓቱ መጻፍ አለበት። ባለፈው የመጣልኝ ጠርሙስ በደንብ ተሞልቷል፣ በደንብ ተከድኗል፤ ላዩ ላይ «3፡00» ተጽፏል። የእኛ 3 ነው ወይስ የፈረንጅ? የስድስት ሰዓት ልዩነት ውጤቱን ከ4 በመቶ በላይ ያዛባል። ደውዬ ጠየቅሁት። «ቁርስ ከበላሁ በኋላ ነው» አለኝ። ጠዋት 3 ብዬ መዘገብኩት።