ኮንቴይነር ኢሜጅ ምንድን ነው? ያጠፋነው ፓስወርድስ የት ይሄዳል?

«ፓስወርዱን ኢሜጁ ውስጥ እናስገባና ስንጨርስ እናጠፋዋለን፤ ችግር የለውም» የሚል ምክር ሰሞኑን እንደገና አነበብኩ። ችግር አለው። መካሪው ኢሜጅን እንደ ተራ ፎልደር ቆጥሮታል።

ኮንቴይነር ኢሜጅ አንድ ፕሮግራም ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር የታሸገበት ጥቅል ነው፤ ኮንቴይነር የሚባለው ከዚህ ጥቅል ተነስቶ የሚሠራው ነው። ጥቅሉ ደግሞ የንብርብሮች ቁልል ነው። ዶከርፋይል (ዶከር የተባለው መሣሪያ ኢሜጁን የሚሠራበት የትእዛዝ ዝርዝር) ላይ ያለው እያንዳንዱ ኮፒ (ፋይል ማስገቢያ) እና ራን (ትእዛዝ ማስኬጃ) የራሱን ንብርብር ይጨምራል፤ የታችኛውን ግን አይነካም። ግድግዳ ላይ በከሰል የተጻፈ ስልክ ቁጥር አስቡ። ቀለም ሲቀቡት አይታይም፤ ከሥር ግን አለ። በሚቀጥለው መስመር አርኤም (ፋይል ማጥፊያው ትእዛዝ) ስትሉም የሚሆነው ይኸው ነው፤ አዲሱ ንብርብር ላይ ፋይሉን የሚሸፍን ዋይትአውት የሚባል ምልክት ይቀመጣል። እንዲያውም ከግድግዳው ይብሳል፤ እዚህ መፋቅ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ቅብ ለብቻው የታር ፋይል (ብዙ ፋይሎች በአንድ የታሸጉበት) ስለሆነ፣ ዶከር ሴቭ በሚባለው ትእዛዝ ኢሜጁን ያወጣ ሰው የታችኛውን ከፍቶ ያነበዋል። ይህ የዶከር ብቻ ጠባይ አይደለም። ኦፕን ኮንቴይነር ኢኒሺዬቲቭ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መስፈርት ላይ የሰፈረ ነው፤ የዶከር አማራጭ የሆነው ፖድማንም አያድናችሁም።

«ታዲያ አርግ ተጠቀሙ» ይላል ያው መካሪ። አርግ በግንባታ ጊዜ ለዶከርፋይሉ ከውጭ የሚሰጥ ዋጋ ነው። ራን ውስጥ የተጠቀማችሁበት አርግ ኢሜጁ የተሠራባቸውን ትእዛዞች በሚያሳየው ዶከር ሂስትሪ ላይ ይታያል። ኮንቴይነሩ ሲሠራም የሚቆይ ዋጋ የሚያስቀምጠው ኢኤንቪ ደግሞ ከኢሜጁ ጋር በሚሄደው የጄሰን ፋይል ላይ በግልጽ ይጻፋል። በአንድ ራን ውስጥ ተፈጥሮ እዚያው የጠፋ ፋይል ንብርብሩ ውስጥ አይቀርም፤ ይህ እውነት ነው። በኮፒ የገባን ፋይል ግን አይመለከትም።

በግንባታ ጊዜ የግድ የሚያስፈልግ ምስጢር ካለ የቢልድኪት (የዶከር የግንባታ ሞተር) ሲክሬት ማውንት አለ፤ ፋይሉ ለዚያ ትእዛዝ ብቻ ይታያል፣ ንብርብር ውስጥም አይገባም። ትእዛዙ ራሱ ሌላ ፋይል ላይ ካልገለበጠው ማለቴ ነው። የቀረው ኮንፊገሬሽን፣ የዳታቤዝ አድራሻም ሆነ ፓስወርድ፣ ኮንቴይነሩ ሲነሳ ከውጭ ይግባ። አውቶሜሽን የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ኢሜጅ ሳይነካ ከሙከራ ወደ ዋናው ሰርቨር ይሄዳል፣ የሚለወጠው አንሲብል (ሰርቨሮችን የሚያዋቅር መሣሪያ) ወይም ኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ሥርዓት) የሚያቀብለው ዋጋ ብቻ ነው። የኩበርኔቲስ ሲክሬት ግን ካላስተካከላችሁት ቤዝ64 ብቻ ነው፤ ይህ የአጻጻፍ ለውጥ እንጂ ምስጠራ ስላልሆነ ያገኘው ሁሉ ይፈታዋል።

ፓስወርድ ያለበት ኢሜጅ ሬጂስትሪ (ሰው የሚያወርድበት የኢሜጆች ማከማቻ) ላይ ከወጣ ታጉን (የኢሜጁን የስም ምልክት) ማጥፋት አይበቃም። ያወረደው ሰው ንብርብሩ በእጁ ነው። ፓስወርዱን ራሱን ዛሬውኑ ቀይሩት፤ ኢሜጁን ከዚያ በኋላ እንደገና ሥሩት።